ባልሽ ደህና ነው

ጥቅምት 6 ቀን

ለወንድሜ ሚስት፣ ለእኔም ለእህቴ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ይድረስሽ። ጤናሽን የሚጠብቅ አምላክ ሥራሽንም ያቅልልሽ። የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ቤት እንፋሎት ለደረት አይስማማም ሲሉ ሰምቻለሁና፣ ከዚያ ሙቀት ስትወጪ አንገትሽን ሸፈን አድርጊ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ፎቶ ኮፒ ቤቴም ከነአሮጌ ማሽኗ እያሳለች ውላ ትገባለች።

ባልሽ ከሠራዊቱ ተሰናብቶ እኔ ቤት ከገባ ወር አለፈው። ደህና ነው። ትንሽ ከስቷል እንጂ ደህና ነው። ይበላል፣ ይተኛል፣ ከጎረቤት ይጫወታል። አንቺን አንስቶ አይጠግብም። ቤቱንም እንደ አዲስ አሰናድቶልኛል፤ አልጋውን ከመስኮቱ ሥር አንስቶ ወደ ጥግ ወሰደው፣ ቁምሳጥኑን ከመኝታ ቤት አውጥቶ ኮሪደሩ ላይ አቆመው፣ በማግስቱ ደግሞ መልሶ አስገባው። ወንድ ያለበት ቤት እንዲህ ነው፤ እንቅስቃሴ አለው።

ስልክ እያለ ምን ወረቀት አስፈጃት እንዳትዪ። በስልክ ስናወራ እሱ አጠገቤ ይቆማል፤ ባይቆምም የዚህ ቤት ግድግዳ ወሬ አይችልም። ሴት ለሴት የምትተነፍሰው በወረቀት ነው ብዬ ነው።

እንግዲህ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ጆሮ ውስጥ የሚወተፍ፣ ድምፅ የሚከለክል ለስላሳ ነገር በናንተ በኩል አይጠፋም አሉ። የማሽኗ ጩኸት ናላዬን አዞረውና ብትልኪልኝ። ጥሩው ይሁን፤ በርከት ቢልም አይጠላም።

የምትናፍቅሽ የባልሽ እህት

ኅዳር 4 ቀን

ለክብርት እትዬ፣

ጤና ከቤትዎ፣ ጉልበት ከእግርዎ አይለይ። እኔ ባለሁበት ደህና ነኝ። አንገቴንም እንዳሉኝ እሸፍናለሁ፤ እዚህ ያሉት ሴቶች አይተው «የእናትሽ ምክር ነው?» ይሉኛል። «የባሌ እህት ናት፣ ከእናትም ትብሳለች» እላቸዋለሁ።

የጆሮውን ነገር ልኬያለሁ። ግን እትዬ፣ አይቆጡኝና፣ እርስዎ እኮ ማሽኗ ላይ ክንድዎን ጥለው፣ እሷ እየጮኸች ሲያንኮራፉ በዓይኔ ያየሁ ሰው ነኝ። ለማን ነው?

በስልክ «ደህና ነኝ» ይለኛል። «አንቺስ?» ይላል። «ደህና ነኝ» እላለሁ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም የመስመሩን ሹክሹክታ እናዳምጣለን። አንድ ቀን ዝም ያለ መስሎኝ ስጣራ ለካ ስልኩን እርስዎ እጅ ላይ ትቶት ወጥቷል።

የጻፍኩበት ዋና ጉዳይ ይህ ነው። የሥራ ውሌ መጋቢት መጨረሻ ላይ ያልቃል። አለቃዬ ለሌላ ሁለት ዓመት እንድፈርም ትፈልጋለች። እፈርማለሁ ወይስ እመጣለሁ? ይህን ቆርጬ መናገር አለብኝ። «አንቺን አንስቶ አይጠግብም» ብለውኛል። ምን ይላል? አንዲት ነገር ብቻ፣ እሱ ራሱ በተናገረበት ቃል ይጻፉልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ታናሽዎ

ታኅሣሥ 1 ቀን

ለወንድሜ ሚስት፣

እንደምን ሰነበትሽ? የላክሽው ደርሷል፤ እጅሽ ይባረክ። እሺ፣ ያዝሽኝ፤ ለእኔ አይደለም። ከግቢያችን ጀርባ የበርና የመስኮት ብየዳ ቤት ተከፍቷል። ብረቱ በተመታ ቁጥር ባልሽ ከተቀመጠበት ብድግ ይላል። እኔም አብሬው ብድግ ማለት ለምዶብኝ ደንበኛ ፊት ሁለቴ አፍሬያለሁ። ሌላ ነገር የለውም፣ ዝም ብሎ አይቀመጥም እንጂ። ይራመዳል። ታክሲ ከተሳፈረ ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ወርዶ ቀሪውን በእግሩ ይጨርሳል። ውሃ ቦቴ ሲነዳ የኖረ ሰው የመኪና መሪ አላይም ብሏል። ያ ቁምሳጥን ደግሞ እግር አውጥቷል ልበልሽ? ትናንት ካየሁበት ቦታ ዛሬ አላገኘውም፤ የእግሬ አውራ ጣት ጥፍሩ ጠቁሯል።

አሁን ግን የሚያስቅ ልንገርሽ። አንድ የሚያነክስ ሰው ማስታወቂያ ሊያባዛ ሱቄ መጣ። ሃምሳ አለቃ ነው የሚሉት፤ እሱም ከግንባር ተመላሽ ነው። የሰፈራችን ሰዎች ተባብረው በድሮው የአውቶቡስ ጋራዥ ግቢ ውስጥ «የተመላሾች ቤት» የሚባል ከፍተዋል። የጡረታና የሕክምና ወረቀት ያስጨርሳሉ፣ ሥራ ያፈላልጋሉ፣ መካኒክነት ያስተምራሉ። ሐሙስ ሐሙስ ክብ ሠርተው ይነጋገራሉ፤ ቅዳሜ ቤተሰብ ይመጣል። የሚመሩት ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፣ ሁሉም ሲስተር ይላቸዋል። እኔ ማስታወቂያውን እያባዛሁ «ወንድሜን ልጎትተው?» አልኩት።

«ተጎትቶ የመጣ ሰው በር በሩን ሲያይ ይውላል» አለኝ። «ምን ይወዳል?»

«ሞተር።»

«እንግዲያው አንድ አውቶቡስ አልነሳ ብሎናልና መጥተህ እየው በይልኝ።»

ለባልሽ እንዲሁ ነገርኩት፤ ሄደ። ማታ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል።

«አውቶቡሱ ሞተር የለውም» አለኝ።

«ኧረ?»

«ኧረ አትበዪኝ። ከወለቀ ዘመን ሆኖታል። ውስጡ ድመት ወልዳለች።»

«ታዲያ ምን ስትሠራ ዋልክ?»

«ሻይ ሰጡኝ። ማንም ምንም አልጠየቀኝም።» ይህን ብሎ ገባ። በሦስተኛው ቀን ሳላዘው ሄደ! አሁን ከዚያ አይጠፋም።

የምለምንሽ ወፍራም መጋረጃ ነው፤ ጥቁር ወይም ድፍን ሰማያዊ፣ ለሁለት መስኮት የሚበቃ።

ያልሽኝን ቃል ደግሞ ጠይቄዋለሁ። «በጣም ናፍቃኛለች» ብሏል።

የባልሽ እህት

ታኅሣሥ 22 ቀን

ለክብርት እትዬ፣

ሰላም ለእርስዎ፣ ለእግርዎ ጥፍርም ጭምር። ስለ አውቶቡሱ ያነበብኩት ሥራ ቦታ ነበር፤ ብቻዬን ስስቅ ያየችኝ ጓደኛዬ ወረቀቱን ተርጉሚልኝ ብላ ያዘችኝ። ሞተር የሌለውን አውቶቡስ ስነግራት እሷም ሳቀች።

መጋረጃውን ልኬያለሁ፤ ድፍን ሰማያዊ ነው።

አሁን ደግሞ ይቅር ይበሉኝ። እትዬ፣ እሱ በጋብቻ ዘመናችን «ናፈቅሽኝ» ብሎኝ አያውቅም። ከግንባር ሲደውል «ቤቱ ሰፊ ነው አይደል?» ነበር የሚለኝ። እኔ «አዎ፣ በጣም ሰፍቷል» እላለሁ፤ በቃ፣ ተነጋገርን ማለት ነው። ስለዚህ «በጣም ናፍቃኛለች» ያሉት እርስዎ ነዎት። ስለ ደግነትዎ አመሰግናለሁ። ግን በእርስዎ ቃል ተመርቼ ባሕር ልሻገር አልችልም። አለቃዬ ጥያቄዋን ደግማለች። እኔም እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ፤ አንሶላ ሳጥፍ እጄ ይፈጥናል፣ ልቤ ግን ሌላ ቦታ ነው። እውነቱን ይንገሩኝ።

ታናሽዎ

ጥር 9 ቀን

ለወንድሜ ሚስት፣

ሰላም ነሽ? እኔ ሰላም አይደለሁም።

ውሸታም ማለትሽ ነው፤ ገብቶኛል። ይሁን። ሁለት ሰው መሃል ገብቼ የምላስ ድልድይ ስሆን ውዬ አድሬ የተረፈኝ ይኸው ነው። እውነቱን ፈልገሻልና እንካ። ሳሎን ውስጥ መጋረጃሽን እየሰቀለ «ልትመጣ ታስባለች» አልኩት። እጁን ሳያወርድ «ጻፊላት፣ ትፈርም። አትምጣ» አለኝ። ራሱ በተናገረበት ቃል ነው፤ አንዲት ፊደል አልጨመርኩም።

እኔም የራሴን አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ባልሽ ግንባር ነበር። ለእረፍት መጥቶ አብራችሁ ከርማችሁ፣ ገና አሸኛኘቱ ሳይበርድ ሻንጣ ያዝሽ። ሰው ሲጠይቀኝ «ኑሮ ነው፣ ምን ታድርግ» እላለሁ። ለራሴ ግን መልስ አጥቼበታለሁ። ለምን ሄድሽ?

የባልሽ እህት

ጥር 29 ቀን

ለእትዬ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ጤና ይስጥዎት።

እሱ እንዳለው ይሁን፤ እፈርማለሁ።

ለምን ሄድሽ ላሉኝ፣ እሱን ይጠይቁት።

የካቲት 24 ቀን

ለእህቴ፣

ይህን በፈጣን ፖስታ ልኬዋለሁ። ገና ካልፈረምሽ እስክታነቢው እጅሽን ያዢልኝ። ብትፈርሚም አንብቢው።

ያንቺ አጭር ደብዳቤ በደረሰ ዕለት በግኜ ነበር። ምሳ አቅርቤ፣ እሱ ማንኪያ አንስቶ፣ እኔ ምን አለበት ዝም ብል? «ሚስትህ ለምን ሄደች?» አልኩት። ማንኪያውን እንዳይጮህ ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። ተነሳ። በሩን እንኳ በዝግታ ነው የዘጋው። መሽቶ አልመጣም፤ ነግቶም አልመጣም። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ቀርቷል።

በነጠላ ጫማ ወደ ተመላሾች ቤት ሮጥኩ። ያ ሁሉ ሰው ሥራውን ጥሎ ተነሳ። «ለዚህ ቀን ነው እኮ ይህን ቤት የከፈትነው» አለኝ ሃምሳ አለቃው። ማንም «ምን አልሽው?» ብሎ አልወቀሰኝም፤ እኔ ግን ራሴ ተናዘዝኩ። ሲስተር ወደ ሆስፒታሎቹ መደወል ጀመሩ፤ ሌሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ወጡ። ሃምሳ አለቃው «ግንባር ሥራው ምን ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ውሃ ያመላልስ ነበር፣ በቦቴ።»

«በይ፣ ውሃ ወደሚቀዳበት እንሂድ።»

ከከተማው ጫፍ ቦቴዎች ተሰልፈው ውሃ የሚሞሉበት ማደያ አለ። ወንድሜ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቱቦው ሲንዶቀዶቅ ያያል። ልሮጥ ስል ሃምሳ አለቃው ክንዴን ያዘኝ። እያነከሰ ሄዶ፣ ከፊት ለፊቱ ዞሮ፣ እንዲያየው አድርጎ ከጎኑ ተቀመጠ። ብዙ ቆዩ። ቦቴዎች ሞልተው ሄዱ፣ ሌሎች መጡ። ምን እንዳወሩ አልሰማሁም። ሲመጡ ወንድሜ ለእኔ «እግርሽ ቆስሏል» ብቻ አለኝ። እውነትም ጫማዬ ተበጥሶ ባዶ እግሬን ነበርኩ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ቤተሰብ የሚገባበት ስብሰባ ገባሁ። እናቶች አሉ፣ ሚስቶች አሉ፣ አባቱን ይዞ የመጣ ጎልማሳ አለ። ተራዬ ሲደርስ ስለ ወንድሜ ብዙ ተናገርኩ፤ ምን እንደሚያስብ፣ ምን እንደሚሰማው፣ ምን እንደሚፈልግ። እሱ አጠገቤ ነው። ሲስተር አዳመጡኝ፣ አዳመጡኝና «እህቴ፣ አንቺ ይህን ሁሉ ስታወሪለት እሱ መቼ ይናገር?» አሉኝ። ሰው አልሳቀም። ፊቴ ግን ተቃጠለ። አኩርፌ ወጣሁ፤ እሱም ተከትሎኝ ወጣ። በእግራችን እየሄድን፣ እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ዝም አልኩ። ዝም ብዬ ብዙ መንገድ ከሄድኩ በኋላ ነው የተናገረው።

ለእረፍት በመጣ ጊዜ ከምሳ በኋላ ጋደም ብሎ ነበር አለኝ። አንቺ ሻይ አፍልተሽ ልትቀሰቅሺው ትከሻውን ነካሽው። ዓይኑን ሳይገልጥ እጅሽን ይዞ ጠመዘዘው። «አጥንቱ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት» አለኝ። የነቃው በዚያ ነው።

እህቴ፣ አንቺ ደረጃ ላይ ወደቅሁ ብለሽኝ ነበር። እኔ ደግሞ የታሸገ እጅሽን እያየሁ «ዓይንሽን ገልጠሽ አትሄጂም?» ብዬ ስቄብሽ ነበር። ይህን ሳስብ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ።

«ታዲያ ለምን አትምጣ አልክ?» አልኩት።

«ሌላኛውን እጇንም ብሰብረውስ?»

ባልሽ ደህና ነው ስልሽ ኖሬያለሁ። ደህና አይደለም። ሲስተር ሐኪም ዘንድ ወስደውታል፤ መድኃኒት ጀምሯል፣ ሐሙስንም አያስቀርም። ሃምሳ አለቃው አጠገቡ እየተቀመጠ መሪ ያስይዘዋል፤ በግቢው ውስጥ ብቻ ነው፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ አውርደኝ ይላል። ብረት ሲመታ አሁንም ይነሳል። ሲተኛ አንነካውም፤ ከበር ሆነን ስሙን እንጠራዋለን። ይድናል አልልሽም፤ ሲስተርም አላሉኝም። የማውቀው ይህን ነው። ናፍቃኛለች ብሏል አልልሽም። ምንም አልላከልሽም፣ ምንም አትላኪ። ውሳኔው የናንተ ነው።

እህትሽ

መጋቢት 13 ቀን

ለምወድዎ እትዬ፣

ሰላምዎ ይብዛ። አልፈረምኩም። ወረቀቱ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አለቃዬ በጠየቀችኝ ቁጥር «ነገ» ስል ሰነበትኩ። ደብዳቤዎን ያነበብኩት ማድረቂያ ክፍል ውስጥ ቆሜ ነው። እንፋሎት ነው ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ።

ያላሉት ነገር የለም፤ አንድ ብቻ ልጨምር። ያን ቀን የጮኽኩት እኔ ነኝ፤ ያለቀሰው ግን እሱ ነው። ለማንም አትንገሪ አላለኝም። ራሴ ነኝ የደበቅሁት፤ አገሬው «ሚስቱን ሰበረ» እንዳይለው። ከዚያ በኋላ ግን እሱ ሲያስነጥስ እንኳ ግድግዳ መጠጋት ጀመርኩ። እሱ ይህን ያያል፤ እኔ ማየቱን አያለሁ። ተመልሶ ወደ ግንባር ሲሄድ እፎይ አልኩ። ባሌ ወደ ጦርነት ሄዶ እፎይ ማለቴ ራሴን አስጠላኝ፤ ለዚህ ነው የሄድኩት። እርስዎ ለኑሮ ነው ሲሉ እኔም ለኑሮ ነው አልኩ።

አሁንም እፈራለሁ። ፈርቼም እመጣለሁ። ለጊዜው ሁለት ክፍል ይኑረን። ቅዳሜም ስብሰባው ላይ እኔም እቀመጣለሁ።

አንድ የመጨረሻ ልመና አለኝ፤ ከጆሮ መድፈኛም ከመጋረጃም ይከብዳል። ስመጣ እርስዎ ቤት አይሁኑ። ከገዛ ቤትዎ ይውጡ ማለቴ ቅር እንደሚልዎት አውቃለሁ። ያለ እርስዎ ይህ ቤት አይቆምም ነበር። ግን እርስዎ ካሉ እኔም እሱም ወደ እርስዎ ዞረን ነው የምንነጋገረው።

ታናሽዎ

ሚያዝያ 2 ቀን፣ በፖስታ ያልተላከ፣ ጠረጴዛ ላይ

ለእህቴ፣

እንኳን በደህና ገባሽ። ቅር ብሎኛል። አልዋሽሽም፣ ሁለተኛ አልዋሽም ብያለሁና። ሁለት ቀን አኩርፌ፣ በሦስተኛው ሻንጣ ገዛሁ። ይህን ስታነቢ አክስቴ ዘንድ፣ ሌላ ከተማ ነኝ። ሱቁን ከከፈትኩ ወዲህ እንዲህ ርቄ ሄጄ አላውቅም። አክስቴ በጣም ተናጋሪ ናት፤ በእኔ ላይ የደረሰውን ፍረጂ።

የሱቁ ቁልፍ መሳቢያ ውስጥ ነው። ማሽኗ ወረቀት ስትነክስ አትሳቢባት፤ አጥፍተሽ አስነሺያት። ደንበኛ ቢሰድብሽ መልሺለት፣ ለምደውታል።

አድራሻዬ ከዚህ በታች ነው።

የባልሽ እህት

ሚያዝያ 15 ቀን

ለምወድዎ እትዬ፣

እንደምን አሉ? አክስትዎስ እንደምን ናቸው? እነሆ ዘንድሮ ሰው አገር ያሉት እርስዎ፣ ቤት ያለሁት እኔ ሆነን ልጽፍልዎ ተቀመጥኩ።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ስወጣ አላገኘሁትም። ያ ሁሉ ሰው ተቃቅፎ ይሳሳማል፤ እኔ ሻንጣዬን ይዤ ቆሜያለሁ። አልመጣም ብዬ ታክሲ ልጠራ ነበር። ዝም ብዬ ወደ መኪና ማቆሚያው ስሄድ፣ ከሁሉም ራቅ ብሎ የተመላሾች ቤት መኪና ቆማለች። ሃምሳ አለቃው ውስጥ ተቀምጧል። ወንድምዎ ውጭ ቆሞ በሩን ይዟል፤ ፊቱ በላብ ርሷል።

«ሰው በዛብኝ» አለኝ። «እስከ በሩ ደርሼ ተመለስኩ።»

«ደህና ነህ?» አልኩት፤ የለመደብኝ ነገር ነው።

«አይደለሁም» አለ። «ግን መጥቻለሁ።»

እትዬ፣ ያን ሁሉ ጊዜ በስልክ «ደህና ነኝ» ሲለኝ ያላመንኩት ሰውዬ፣ አይደለሁም ሲለኝ አመንኩት። ሃምሳ አለቃው መሪውን ለቆለት ወደ ኋላ ወንበር ዞረ። በዝግታ ነዳ፤ ከኋላችን ያለው ሁሉ ጡሩምባውን ነፋብን። አንድ ቦታ መኪናዋን ጥግ አስይዞ፣ ወጥቶ፣ ትንሽ ተራምዶ ተመለሰ። ቤት ደረስን።

ሁሉም ነገር ተቃናልን ብዬ ብጽፍ የእርስዎን ልማድ መውረሴ ነው። ማክሰኞ ብየዳ ቤቱ ብረት ሲጥል ተነስቶ ወጣ። እኔም ሳላስበው ግድግዳ ተጠግቼ ራሴን አገኘሁት። ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ «ፈራሽኝ» አለ። «አዎ» አልኩት። ከዚያ በፊት አንድም ቀን አዎ ብዬው አላውቅም። እሱም «ቅዳሜ ይህንኑ እንንገራቸው» አለኝ። ነገርናቸው። ሲስተር አላዘኑልንም፤ «እንግዲህ ሥራ አለን» ብለው እጃቸውን አፋተጉ።

ሱቁን እኔ ከፍቻለሁ። ማሽኗ ሁለቴ ነክሳኛለች። አንድ ደንበኛ ሰድቦኝ ዝም ስለው «ባለቤቷ የለችም እንዴ?» ብሎ ቅር አለው።

ትናንት ማታ እራት ላይ ሦስት ሰሃን አቅርቤ ኖሮ አንዱን አነሳሁት። ተቀመጥን። እሱ ያየኛል፣ እኔ አየዋለሁ። እርስዎ ቢኖሩ ይህን ጊዜ ስለ ጉልበትዎ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ወረቀት ዋጋ ጀምረውልን ነበር። ቤቱ ጭር አለ። ልነሳ ነበር፤ እሱም ሊነሳ ነበር መሰለኝ። የሚያወራልን ሰው ስናጣ ግን ቀስ ብለን ራሳችን ጀመርን። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አወራን።

ቶሎ አይምጡ፣ እትዬ። መምጣቱን ግን ይምጡ።

ታናሽዎ